ስታስሉ፣ ዕቃ ስታነሱ ሽንት ያመልጣችኋል? መሥሪያ ቤታችሁ ሊያግዛችሁ የሚችልበት መንገድ አለ



ዛሬ የማወራችሁ ብዙ ሴቶች ለባላቸው እንኳን ስለማይነግሩት ነገር ነው። ስታስሉ፣ ስታነጥሱ፣ ስትስቁ ወይም ከበድ ያለ ዕቃ ስታነሱ ሽንት ጠብ ማለቱ፤ ወይም ከወሊድ በኋላ ከታች በኩል "የሆነ ነገር ሊወጣ ነው" የሚያሰኝ ክብደት መሰማቱ። ግን ስለ ሕመሙ ብቻ አይደለም የምጽፈው። ስለ ሥራ ቦታም ነው። ለምን እንደሆነ ከታሪኩ ትረዱታላችሁ። ወንዶችም አንብቡት፤ በተለይ ሠራተኛ የምታስተዳድሩ።

(ባለታሪኳ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

"ወገቤን ነው ዶክተር"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የ34 ዓመት ሴት ወደ ክሊኒካችን መጣች። ሆቴል ውስጥ የመኝታ ክፍል አጽጂ ናት። የምትሠራበት ድርጅት ከክሊኒካችን ጋር የክሬዲት ውል ስላለው ማህተም ያረፈበት የህክምና ደብዳቤ ይዛ ነው የመጣችው። ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ የመጨረሻው አምስት ወሩ ነው።

ምን ልርዳዎት ስላት "ወገቤን ነው ዶክተር" አለችኝ። ወገቧን መረመርኩ፣ የህመም ማስታገሻ ጻፍኩ። ተነስታ በሩን ከያዘች በኋላ ቆም ብላ፣ ፊቷን ሳታዞር "ሴት ሐኪም የላችሁም?" አለች። በዚያ ሰዓት አልነበረችም። ትንሽ አመንትታ ተመልሳ ተቀመጠች። ነርሷን ጠራኋት፣ በሩን ዘጋን፣ ከዚያ ማውራት ጀመረች።

ፍራሽ ባነሳች ቁጥር ሽንት ያመልጣታል። በቀን ብዙ አልጋ ነው የምታነጥፈው። ሞዴስ አድርጋ ነው የምትውለው፤ ለሞዴስ የምታወጣው ገንዘብ ከደመወዟ ላይ ቀላል አይደለም። የእንግዳ ክፍል ሽንት ቤት መጠቀም ክልክል ነው። የሠራተኞቹ ምድር ቤት ነው ያለው፣ እሷ የምትሠራው አራተኛ ፎቅ። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ውኃ አትጠጣም። "ሦስት ወልጄ የለ እንዴ፣ ያለ ነገር ነው ብዬ ነው የተውኩት" አለችኝ።

አያችሁ፣ "ያለ ነገር ነው" የምትለዋ ቃል ናት ብዙ ሴቶችን ዓመታት የምታስቀምጠው። የተለመደ ነው፣ አዎ። ተለመደ ማለት ግን ጤናማ ነው ማለት አይደለም። መድኃኒት የለውም ማለትም አይደለም።

የሠራሁት ስህተት

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከደብዳቤው ሥር ሐኪሙ ሞልቶ ወደ ድርጅቱ የሚመለስ ክፍል አለ። "የሕመሙ ዓይነት" ይላል። እኔም እንደተማርኩት፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ብዬ በግልጽ ሞላሁት። ወደ ፊዚዮቴራፒ ላክኋት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ አልኳት።

አልመጣችም። የመጣችው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ በራሷ ገንዘብ ካርድ አውጥታ። ምነው ጠፉ ስላት ወረቀቱን ለማንም እንዳልሰጠች ነገረችኝ። "ፎርሙን የሚቀበለው ልጅ ከሱፐርቫይዘራችን ጋር ምሳ አብሮ ነው የሚበላው። እኔ ፎቅ ሳልወጣ ወሬው ይቀድመኛል" አለችኝ። ፎርሙን ስላልመለሰች ድርጅቱ አልከፈለላትም። ፊዚዮቴራፒውን በራሷ መክፈል ስላልቻለች አልጀመረችም።

ጥቅሙ በወረቀት ላይ ነበር። በእኔ አንድ መስመር ጽሑፍ ምክንያት ግን ልትጠቀምበት አልቻለችም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። እውነት ነው። ግን ለሐኪም መንገር ሌላ፣ ለኤች አር መንገር ሌላ። መድኃኒት ለሌለው ሰው ሕመምን መናገር ግዴታ መሆን የለበትም።

ለመሆኑ ምንድን ነው የሚላላው?

ከዳሌያችን ሥር፣ ከፊት ካለው አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ የተዘረጉ ጡንቻዎች አሉ። የዳሌ ወለል ጡንቻዎች እንበላቸው። የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንን እና ፊንጢጣን ከሥር ደግፈው ይይዛሉ። ጠፍር አልጋን አስቡት። ጠፍሩ የተወጠረ ከሆነ የተኛውን ሰው ይሸከማል፤ ሲላላ ግን መሐሉ ይረግባል። እነዚህ ጡንቻዎችም እንደዚያው ናቸው።

የሚያላሏቸው ዋና ዋና ነገሮች እርግዝናና በምጥ መውለድ፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ማማጥ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ከባድ ዕቃ ደጋግሞ ማንሳት፣ እና ዕድሜ ሲገፋ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣው የሆርሞን መቀነስ ናቸው።

ችግሩ በተለያየ መልክ ይመጣል፦

👉 ስታስሉ፣ ስትስቁ፣ ስትዘሉ ወይም ዕቃ ስታነሱ የሚያመልጥ ሽንት።

👉 ድንገት አጣዳፊ ሆኖ መጥቶ ሽንት ቤት ሳይደረስ የሚያመልጥ። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ የፊኛው ያለጊዜው መኮማተር ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

👉 የማህፀን መውጣት፦ ማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ ወደ ታች መውረድ። ማታ ማታ፣ ቆሞ ከተዋለ በኋላ ይብሳል፤ ጋደም ሲባል ይቀላል።

👉 ጋዝ ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ ከባድ መቀደድ ካጋጠመ።

አንድ ነገር ለይታችሁ እወቁ። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ቀንም ሌትም ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል። እሱ በስፖርት አይድንም፣ ቀዶ ህክምና ነው የሚያስፈልገው። በዶክተር ካትሪን እና በዶክተር ሬጂናልድ ሀምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ይህን ህክምና በነፃ ይሰጣል። የምታውቋት ሴት ካለች አንድ ቀን አትዘግዩ።

ህክምናው ምንድን ነው?

ደስ የሚለው ነገር፣ በሳልና በዕቃ ማንሳት ለሚያመልጥ ሽንት የመጀመሪያው ህክምና ክኒንም ቢላም አይደለም። ጡንቻዎቹን ማሠራት ነው። እንዴት?

ጋዝ እንዳያመልጣችሁ፣ ሽንትም እንዳይመጣ በአንድ ጊዜ እንደምትይዙ አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። ሲጀመር ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ያዙት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። መልቀቁም የስፖርቱ አካል ነው። ቢያንስ 8 ጊዜ ደጋግሙት። ይህን በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ቀስ በቀስ እስከ 10 ሴኮንድ አድርሱት።

ትንፋሽ አትያዙ። መቀመጫችሁን ወይም ጭናችሁን አትጭመቁ። ሽንት እየሸናችሁ መሐል ላይ ማቋረጥን እንደ ልምምድ አትጠቀሙበት። ደግሞ ልታስሉ ወይም ዕቃ ልታነሱ ስትሉ ቀድማችሁ ያዙት፤ ይህቺ ብቻዋን ብዙ ለውጥ ታመጣለች። ከወሊድ በኋላ ሆድን በመቀነት ማሰር እነዚህን ጡንቻዎች አያጠናክራቸውም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙ ሴቶች በቃል ብቻ ሲነገራቸው የተሳሳተውን ጡንቻ ነው የሚያሠሩት። አንዳንዶቹ እንዲያውም ወደ ውስጥ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ያምጣሉ። ለዚህ ነው የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ማየት ያለበት። የማህፀን መውጣት ሲኖር ደግሞ የማህፀን ሐኪም እንደ ደረጃው ስፖርት፣ ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት፣ ወይም ቀዶ ህክምና ሊያዝ ይችላል።

ልብ በሉ። ይህ ህክምና በአብዛኛው ውድ ማሽን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ጊዜ፣ ገመና መጠበቅ፣ እና ቅርብ ሽንት ቤት። ሦስቱም ደግሞ ያሉት በአሠሪው እጅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እኔ ሐኪም እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ሁልጊዜ ስለምጠየቅ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፦

✅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከነደመወዟ ፈቃድ ታገኛለች።

✅ ከእርግዝና ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዟ ሳይቆረጥ ፈቃድ ይሰጣታል። የሐኪም ማስረጃ ታቀርባለች።

✅ የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ብትታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አላት። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደመወዝ። ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። ቀዶ ህክምና ለሚያስፈልጋት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ክፍተት አለ። በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ውጪ ላለ ሕመም የህክምና ወጪውን ማን ይከፍላል የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው በድርጅቱ መመሪያ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም ድርጅቱ በገባው የመድን ውል ነው። ለመደበኛ ሠራተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲዘገይ ቆይቷል። ስለዚህ የእናንተ መሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ማወቅ የግድ ነው።

"ፊዚዮቴራፒ ለዚህም ይከፈላል እንዴ? ቅንጦት አይደለም?" የሚለኝ አሠሪ አጋጥሞኛል። በፈረንሳይ አገር እናቶች ከወሊድ በኋላ የሚወስዱት የዳሌ ወለል ጡንቻ ማገገሚያ በአገሪቱ የጤና መድን ይሸፈናል። የእግር ስብራት ያጋጠመው ሠራተኛ ፊዚዮቴራፒ ሲላክ ቅንጦት ነው አንልም። ይሄም ጡንቻ ነው።

እህቶች፣ ይህን አድርጉ

1. የኅብረት ስምምነታችሁን ወይም የህክምና መመሪያችሁን ጠይቃችሁ አንብቡ። "ፊዚዮቴራፒ" የሚል አለ ወይ? ስንት ጊዜ ይሸፍናል? የማህፀን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሪፈር ያስፈልጋል ወይ? ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ እነሱ ጋ ቅጂው ይገኛል።

2. ሐኪማችሁን "ፎርሙ ላይ የሕመሙን ስም አይጻፉልኝ" በሉት። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። አሠሪያችሁ ሊያውቅ የሚገባው ምን እንደያዛችሁ ሳይሆን ሥራ ላይ ምን መቻልና አለመቻላችሁን ነው። እኔ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "ህክምና ላይ ትገኛለች። ለ12 ሳምንት ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ፣ በሥራ ሰዓት ሽንት ቤት በፈለገች ጊዜ እንድትጠቀም፣ በሳምንት አንድ ቀን ለክትትል እንድትሄድ ይመከራል።" በቃ።

3. ድርጅቱ የሕመሙ ስም የግድ ይጻፍ ካለ፣ በታሸገ ኤንቨሎፕ ለድርጅቱ ሐኪም ወይም ነርስ ብቻ እንዲሄድ ጠይቁ።

4. በራሳችሁ ከፍላችሁ የምትተኩ ከሆነ ደረሰኝ አትጣሉ። ደረሰኙ ላይ "ፊዚዮቴራፒ" ከተባለ ይበቃል።

5. ውኃ መጠጣት አታቁሙ። ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ይቆጣል፣ ለኢንፌክሽንና ለድርቀትም ያጋልጣል። ይልቅ ቡናና ለስላሳ ቀነስ አድርጉ። ሦስተኛውን ቡና ብትተዉት አቦሉ አይቀየማችሁም።

6. ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ስፖርቱን ከአሁኑ ጀምሩ። አራስ ከሆናችሁ ደግሞ ለክርስትና ወይም ለክትባት ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም ምርመራ ሂዱ፣ ይህንንም ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አንጠይቅምና።

አሠሪዎችና የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ እናንተ ደግሞ

የምለምናችሁ አዲስ ሆስፒታል እንድትሠሩ አይደለም።

👉 ከህክምና ፎርማችሁ ላይ "የሕመሙ ዓይነት" የሚለውን ሰርዛችሁ "በሥራ ላይ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ" በሉት። የአንድ ገጽ ሕትመት ነው። ወንዱንም ይጠቅመዋል፤ የስኳር ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሠራተኛም ወረቀቱን ደብቆ ነው የሚዞረው።

👉 የክሬዲት ወይም የመድን ውል ስታድሱ ፊዚዮቴራፒ በበቂ ብዛት፣ ከወሊድ በኋላ የሚደረግ ክትትልም በግልጽ ይግባ።

👉 ከወሊድ የተመለሰችን ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ፍራሽ አታሸክሟት። ለጥቂት ወራት ቀለል ያለ ሥራ ስጧት።

👉 ሽንት ቤቱ ቅርብ ይሁን፤ ውኃ፣ ሳሙናና ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ይኑረው። ለሽንት ፈቃድ ማስጠየቅ ይቅር።

👉 ሴት የጤና ባለሙያ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳን ጋብዛችሁ ሴት ሠራተኞቻችሁን ለብቻቸው ታነጋግራቸው።

ሥራዋን የምትችል፣ ዓመታት ያገለገለች ሴት በዚህ ምክንያት ዝም ብላ ስትለቅ አይታችሁ ይሆናል። ምክንያቷን አትነግራችሁም። "የቤት ጉዳይ ነው" ብላ ነው የምትሄደው።

ፈጥናችሁ ወደ ህክምና የምትሄዱት መቼ ነው?

🔴 ሽንት ውስጥ ደም ካያችሁ

🔴 ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ሕመም ካለ

🔴 ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ወይም ከብልት አካባቢና ከእግር መደንዘዝ ጋር ከመጣ

🔴 የወጣው አካል አልመለስ ካለ፣ ከቆሰለ ወይም ከደማ

🔴 የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ

እሷስ እንዴት ሆነች?

አዲስ ወረቀት ጻፍኩላት፣ የሕመሙ ስም የሌለበት። ይዛው ስትሄድ እንደገና እንዳትጠፋ ፈርቼ ነበር። አልጠፋችም። ድርጅቱ የፊዚዮቴራፒውን ወጪ ሸፈነላት፤ ለሦስት ወር ደግሞ ከአልጋ ማንጠፍ ወደ ልብስ ማጠፊያ ክፍል አዛወራት። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ጥንቃቄ ያስፈልጋታል ስለሚል ብቻ።

ከሦስት ወር በኋላ መጥታ ስንነጋገር አሁንም አልፎ አልፎ ከባድ ሳል ሲይዛት ጠብ ይላል። ግን ሞዴስ አድርጋ መዋሉን ትታለች፣ ውኃም ትጠጣለች። "ድሮ ልጄን ብድግ ሳደርገው ይጨንቀኝ ነበር" አለችኝ። ልጁ ያኔ አሥር ወር ሞልቶት ጭኗ ላይ ተቀምጦ ስቴቶስኮፔን እየጎተተ ነበር።

የድርጅቱ ፎርም ግን አልተቀየረም። "የሕመሙ ዓይነት" የሚለው መስመር አሁንም እዚያው አለ። እኔ ባዶውን እየተውኩ ነው የምልከው። እስካሁን አንድም ፎርም ተመልሶ አልመጣብኝም። የሥራ ባልደረቦቼ ሐኪሞች፣ እናንተም ሞክሩት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ ምርመራን የሚተካ አይደለም። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ኮሜንት ላይ ስማችሁ እንዲታይ አልፈልግም። ለምታውቋት እህት፣ እናት፣ ጓደኛ ሼር አድርጉላት። ለኤች አር ኃላፊያችሁም ቢሆን።